ከሐረጎ በታች፦ የከተማ ዳር ሰፈራችን ሲገመገም

ሰሞኑን ሦስት ሰው ደወለልኝ። ሦስቱም የደሴ ልጆች ናቸው፤ ጥያቄያቸውም አንድ ነው። «ኮምቦልቻ ዳር ቤት አግኝተን ነበር። አንቺ እዚያው ነሽና ኑሮው እንዴት ነው?» ለመጀመሪያዋ ግማሽ ሰዓት አወራሁላት። ለሁለተኛው አሳጠርኩ። ለሦስተኛዋ «ቆይ ጽፌ እልክልሻለሁ» ብዬ ዘጋሁ። ይኸው ጻፍኩ።

ሰው ስልክ ሊገዛ ሲል አስር ሰው ይጠይቃል። ባትሪው እንዴት ነው፣ ካሜራውስ፣ ቶሎ ይሞቃል ወይ። ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ብር የሚያፈስበትን ሰፈር ግን ደላላ በነገረው ብቻ ይገዛል። ደላላ ደግሞ ሰፈር የሚያሳየው በበጋ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ በኮንትራት ባጃጅ ነው። በዚያ ሰዓት የማያምር ሰፈር አላየሁም።

በመጀመሪያ ማን እንደሚገመግም ይታወቅ። አምስት ነን። እኔ ደሴ ውስጥ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ሂሳብ እሰራለሁ። ባለቤቴ እዚሁ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነው። ልጅቷ 15 ዓመቷ ነው፣ ልጁ 8። አምስተኛዋ አማቴ ናቸው፤ የባቲ ሰው። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። የባለቤቴ ወገን ሙስሊም ነው፣ የእኔ ክርስቲያን። ይሄ ለወሎ ሰው ወሬ አይሆንም፤ የጠቀስኩት በኋላ ስለ ድስት ስለማወራ ነው።

በእኛ ቤት ለሰፈሩ አንድ ውጤት የለም። እማማ ከ10 አስሩንም ሰጥተውታል። ባለቤቴ 8 ይላል። ልጁ ቁጥር ውስጥ አይገባም፤ ሜዳ አለ፣ ኳስ አለ፣ አለቀ። ልጅቷ 3 ሰጥታለች፤ «እሱም እማማን እንዳላስከፋ ብዬ ነው» ትላለች። የእኔ እንደ ሰዓቱ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ብትጠይቁኝና ማታ 2 ሰዓት ላይ ብትጠይቁኝ የምሰጣችሁ መልስ ለየቅል ነው።

ከደሴ የወጣነው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ ኪራይ ነው፤ እሱን ማብራራት አያስፈልግም። ሁለተኛው የእማማ ጉልበት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ስለሚለያይ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ 4 ዲግሪ ያህል ሙቀት ትጨምራላችሁ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። እማማ ግን ደሴ እያሉ ከጥቅምት እስከ ጥር ከምድጃ አጠገብ አይነሱም ነበር። እዚህ በመጡ በሁለተኛው ወር ጓሮ ወርደው አደስና ጤና አዳም ተከሉ። አሁን ሎሚም አላቸው። «ሸጋ አገር ነው» ይላሉ፤ «ፀሐይዋ ሰው ታውቃለች።»

ደሴ ራሷ እንድንቀር ብትፈልግም የት ታስቀምጠናለች? በአንድ በኩል ጦሳ፣ በሌላ በኩል አዝዋ ገደል። ከተማዋ በመሐል ተጨምቃ መንገዱን ተከትላ ነው የተዘረጋችው። ቁልቁለቱ ላይ የሚሰራው ቤት ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር መሬቱ እንዳይንሸራተት ይሰጋል። ደሴ ያደገ ሰው ይሄን ስጋት ያውቀዋል። ለጥ ያለ መሬት የሚገኘው እታች ነው፤ ለዚህ ነው የደሴ ሰው ዓይኑ ኮምቦልቻ ላይ የሚያርፈው። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ዓይኑን የጣለው የደሴ ሰው ብቻ አይደለም።

ባለቤቴ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በማኅበር ተደራጅቶ 150 ካሬ ደረሰው። መሠረት አወጣን። ከዚያ የ2014ቱ ጦርነት መጣ፤ መሠረታችን ላይ ሣር በቀለ። የገባነው በ2015 መስከረም ነው፤ መስኮቱ ግማሹ መስታወት፣ ግማሹ ካርቶን ሆኖ።

ስለ መሬቱ አንድ ነገር ስሙኝ፤ ደላላው አይነግራችሁም። የእኛ አካባቢ መሬት መረሬ ነው። መረሬ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከላዩ ያለውን ቤትም አብሮ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። እኛ ጥቁሩን አፈር አስወጥተን፣ ጠጣሩ ጋ እስክንደርስ አስቆፍረን፣ ገረጋንቲ ሞላንበት። ለሴራሚክ ያስቀመጥነውን ብር መሬት በላው። እስከ ዛሬ ሳሎናችን ሊሾ ነው። ባለቤቴን ያኔ ስንት ቀን እንደጨቀጨቅኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ከእኛ በላይ ያለው ቤት ግን ጥልቀቱን ቆጥቦ ሴራሚኩን አነጠፈ። ዛሬ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ እስከ ጣሪያ የሚሄድ ስንጥቅ አለው፤ እጅ ያስገባል። ስለዚህ ቤት ልታዩ ስትመጡ ቀለሙን ተዉት። የመስኮቱንና የበሩን ጥግ እዩ። አዲስ የተለሰነ መስመር ካያችሁ ጠይቁ። ካርታውንም በዓይናችሁ እዩ፤ «ሊወጣ ነው» የሚባል ካርታ አይታመንም። የጨረቃ ቤት ገዝቶ ያለቀሰ ሰው አውቃለሁ።

ውሃ። እዚህ ላይ ቆም ልበል።

በመጀመሪያው ዓመት መስመር አልነበረንም። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በጋሪ እየመጣ እንገዛ ነበር። ሰው ምን ያህል ውሃ እንደሚጠቀም የሚያውቀው በጄሪካን ሲከፍል ነው። ሽንት ቤት አንድ ጊዜ ሲለቀቅ ስንት እንደሆነ በብር አስሉት። ልጄ እግሩን ታጥቦ ውሃውን ለጎመን ማጠጣት የለመደው ያኔ ነው። አሁን ቧንቧ ገብቷል። ውሃው ግን በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ሌሊት ነው የሚመጣው። የቱ ሌሊት እንደሆነ አይታወቅም። 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለን። ለሰባት ቀን ስታካፍሉት በቀን 285 ሊትር ነው፤ ለአምስት ሰው በነፍስ ወከፍ 57። ልብስ በሚታጠብበት ሳምንት ልጅቷ ፀጉሯን ለመታጠብ ማመልከቻ ታስገባለች።

ውሃው ሲመጣ ቧንቧው መጀመሪያ ያስነጥሳል። ከዚያ ይንፋፋል። ከዚያ ቡናማ ውሃ፣ ከዚያ ንጹሕ። መጀመሪያ የነቃ ሰው ለጎረቤቱ ሚስኮል ያደርጋል። ያኛው ለቀጣዩ። ማንም ስልክ አያነሳም፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሚስኮል ማለት ውሃ ማለት ነው። አንዴ አክስቴ ሌሊት ደውላልኝ፣ ስልኩን ሳላየው ባልዲ ይዤ ወጥቻለሁ። ልጇ ወልዳ ነበር።

መብራት ከውሃው ይሻላል። የራሳችን ቆጣሪ እስኪገባ ድረስ ከጎረቤት ቀጥለን ነበር። ሁለት ምጣድ አንድ ላይ ሲበራ ስለሚዘጋው ተራ አወጣን፤ ማክሰኞ እኛ፣ ረቡዕ እነሱ። አሁን ሁላችንም ቆጣሪ አለን፤ ያም ሆኖ ማክሰኞ እንጀራ የምጋግር እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ። መንገዱ።

ከሰፈራችን ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ብትነግሩት ይስቃል። ግን ይሄ 25 ኪሎ ሜትር ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወጣ ነው። 11 ሰዓት እነሳለሁ። 12 ሰዓት ከቤት እወጣለሁ። በበጋ አስፋልቱ ድረስ በእግሬ ሩብ ሰዓት ነው። በክረምት ጫማዬን በፌስታል ይዤ በቦት እሄድ ነበር፤ አስፋልቱ ዳር ካለችው ሻይ ቤት ቀይሬ ቦቱን አስቀምጥ ነበር። ባለቤቷ ያለችበት ጥግ የስድስት ሰው ቦት ይደረደር ነበር። ሚኒባሱ እስኪሞላ እንጠብቃለን። ረዳቱ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!» ይላል፤ አንድ ሰው ሲገባም «አንድ ሰው!» ይላል።

ከዚያ ሐረጎ። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርጎ የመጣ ተሳቢ ከፊታችን ከገባ አበቃ። በዚያ ጥምዝምዝ ላይ መቅደም የሚሞክር ሹፌር አለ፤ ያን ቀን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ይጸልያል። በክረምት ጉም ይወርዳል። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የሚነዳው። ኮምቦልቻ በሻርፕ የተሳፈርኩት ሴትዮ፣ ሐረጎ አጋማሽ ላይ ሹራብ፣ ዶሮ መዝለያ ስንደርስ ካፖርት ደርቤአለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት የአየር ንብረት ይዤ ነው የምዞረው።

መልካም ቀን ሲሆን አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል፤ ከበር እስከ በር። ማታም እንዲሁ፤ ሰልፉ ረዘም ካለ ደግሞ ይጨምራል። የሂሳብ ሰራተኛ ነኝና አስልቼዋለሁ። በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት 12 ሰዓት ተኩል። አንድ የሥራ ቀን ተኩል መንገድ ላይ ነኝ፤ ያውም ከፍዬ። ታሪፉን አልጽፍም፤ እናንተ እስክታነቡት ይቀየራል። ነገር ግን የመንገዱን ወጪ በወር ደምሬ ከድሮው ኪራያችን ጋር ሳስተያየው፣ ቤት ስንሰራ «ኪራይ ተገላገልን» ብለን የጨፈርነው ጭፈራ ትንሽ ፈጥኖ ነበር። ባለቤቴን ስነግረው «ቤቱ ግን የራሳችን ነው» አለኝ። እሱ ምን ቸገረው? ፋብሪካው በባጃጅ አስር ደቂቃ ነው። ምሳውን ቤቱ በልቶ፣ ትንሽ ጋደም ብሎ ነው የሚመለሰው። ለዚህ ነው 8 የሚሰጠው። ብትፈልጉ 9ም ያደርገዋል።

የአዋሽ፣ ኮምቦልቻና ሀራ ገበያ የባቡር መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐዲዱን ከሩቅ እናየዋለን። ልጄ ትንሽ ሳለ «ባቡሩ መቼ ይመጣል?» ይለኝ ነበር። አሁን መጠየቁን ትቷል። መጥቶስ ደሴ ፒያሳ አያወጣኝም።

ልጅቷን በተመለከተ እውነቷን ነው። ጓደኞቿ ደሴ ቀሩ። እዚህ እኩዮቿ ሦስት ናቸው፣ ሁለቱ ወንዶች። ከትምህርት ቤት መልስ መሄጃ የለም። ቤተ መጻሕፍት፣ ጁስ ቤት፣ ዝም ብሎ በእግር መዞር፤ እነዚህ ሁሉ እዚህ ባጃጅ የሚያስከፍሉ ነገሮች ናቸው። ከ1 ሰዓት በኋላ ደግሞ መንገዱ ጨለማ ስለሆነ አልፈቅድላትም። ቅዳሜ አንዳንዴ ደሴ ይዣት እወጣለሁ። ሐረጎን ስንጨርስ ፊቷ ይበራል። እኔ የሳምንቱን ስድስተኛ ምልልስ እየቆጠርኩ እሷ ትስቃለች።

ሱቅ ያለን አንድ ነው። ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ካርድ፣ ሻማ። ዱቤ ይሰጣል፤ ደብተሩ ላይ የእኛ ገጽ በጣም አያኮራም። ቲማቲም ግን የለውም። ቲማቲም ሲያልቅ ሽሮ ይሠራል፣ ሌላ ብልሃት የለም። ሌሊት ሰው ሲታመም ምን ታደርጋላችሁ የሚለኝ አለ። ልጄ አንድ ሌሊት ትኩሳት ሲያቃጥለው ሦስተኛው ቤት ያለው ባለባጃጅ ፒጃማውን እንደለበሰ ወሰደን። ገንዘብ አልተቀበለም። ሰፈር ስትመርጡ ከጎረቤቶቻችሁ አንዱ ባለባጃጅ መሆኑን አጣሩ፤ እየቀለድኩ አይደለም።

ጅብ አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ከአጥር ውጭ ሲያጓራ ልጆቹ አልጋችን ላይ ወጡ። እማማ መቁጠሪያቸውን ሳያቆሙ «አብሽሩ፣ እሱም ሰፈሩ ነው» አሉ። አሁን ጅቡ የጮኸ ቀን ነው እንቅልፍ የሚወስደን። ቦርከናም ጎረቤታችን ነው፤ ከደሴ ተነስቶ፣ እንደ እኔ ሐረጎን ታኮ ወርዶ፣ በሜዳው በኩል ወደ አዋሽ ያቀናል። ከእኔ የሚለየው ተመልሶ አለመውጣቱ ነው። ደሴ የጣለችውን ፌስታልም ይዞልን ይመጣል። በበጋ ነፋሱ ከወንዙ በኩል ሲነፍስ መስኮት ይዘጋል። ይሄንንም ደላላው አይነግራችሁም።

እስካሁን ያነበበ ሰው «ታዲያ ምን ያስቀምጥሻል?» ይለኝ ይሆናል። ቅሬው ነው፤ ሌላው አገር እድር የሚለው።

ስንመጣ ቅሬ አልነበረም። በየቤቱ መሠረት የሚቆፍር፣ ብሎኬት የሚቆጥር፣ ሲሚንቶው እንዳይሰረቅ የሚያድር ሰው ነው የነበረው። ጎረቤቴን ለስድስት ወር የማውቀው ገረጋንቲ የተገለበጠበት ቦታ ላይ በመጣላት ነው። አንድ ቀን ከታችኛው መስመር አንድ ሽማግሌ አረፉ። ድንኳን የለ፣ ወንበር የለ፣ ድስት የለ። ሬሳውን የሚያጥብ ሰው ከከተማ ተፈልጎ መጣ። በዚያ ሳምንት አርብ ከጁምዓ መልስ ወንዶቹ የአንዱ ያላለቀ ቤት ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ማታውኑ ቅሬ ቆመ። 23 አባወራ። መጀመሪያ የተገዛው ድንኳን ነው። ቀጥሎ ትልልቅ ድስቶች። በእኛ ቅሬ ለሐዘን ሥጋ አይሠራም። ሥጋ ከተሠራ የእስላምና የክርስቲያን ተብሎ ሁለት ድስት ነው፣ ሁለት ጎራ ነው። ሽሮና ምስር ይሠራል፤ ከአንድ ድስት ይበላል። ይሄን ሐሳብ ያመጡት እማማ ናቸው። የቅሬው ዳኛ ዛሬም ድስት ሲገዛ «እማማ ይዩት» ይላል።

አባቴ ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ አረፈ። ቀብሩ ደሴ ነበር። ቅሬው ቅጥቅጥ ተከራይቶ፣ በዚያ ጉም ሐረጎን ወጥቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሙስሊሞቹ ከቅጥሩ ውጭ፣ ዝናብ ላይ፣ ቀብሩ እስኪያልቅ አልተነቃነቁም። ለቅሶው እዚህ ቤቴ ተቀመጥን። ስንመለስ ከአስፋልቱ እስከ በራችን ያለውን አላወቅሁትም። እኛ ደሴ በነበርንበት ሰዓት የቀሩት ሰዎች አንድ መኪና ገረጋንቲ አስመጥተው ጭቃው ላይ አልብሰውታል። ለቀስተኛ እንዳይሰምጥ። ማን እንደከፈለ ጠይቄ የነገረኝ የለም። «አብሽሪ እቴ፣ አሁን የዚህ ሰዓት ነው?» ነው ያሉኝ። ቦቴን ሻይ ቤት ማስቀመጥ የተውኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ልጆቹም በዚያው መንገድ ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት።

አሁን ለሦስቱ ደዋዮች። ለመጀመሪያዋ፦ አንቺ ኮምቦልቻ ነው የምትሠሪው፣ እናትሽም ብርድ አይችሉም። ነይ። መስኮቱ ጥግ ብቻ ተመልከቺ። ለሁለተኛው፦ ሥራህም የልጆችህ ትምህርት ቤትም ደሴ ነው። ወንድሜ፣ ሐረጎን በወር 44 ጊዜ ልትወጣና ልትወርድ ነው። መጀመሪያ አንድ ወር ተከራይተህ ሞክረው፤ በጥቅምት ሳይሆን በሐምሌ። ለሦስተኛዋ፦ አንቺ የጠየቅሽኝ «ጸጥታ አለ ወይ?» ብለሽ ነበር። አለ። ቀን ላይ ሰው ሁሉ ሥራ ስለሚሄድ ዶሮ ሲራመድ ይሰማል። እማማ በቀኑ አጋማሽ ቡና ያፈላሉ፤ ካመጣሽው ቆሎ ጋር አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጥተሽ፣ ተመርቀሽ ትሄጃለሽ። እኔ ያንን ቡና የማገኘው እሑድ ብቻ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚውል ሰው ሌላ ሰፈር ነው የሚኖረው፤ ማታ ለመተኛት የሚመጣ ሌላ። እማማ 10 የሚሰጡት እሳቸው የሚኖሩበትን ነው።

የእኔንስ? ትናንት ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰልፉ ላይ ቆሜ፣ 4 ብዬ ነበር። ልጽፈውም ነበር። አሁን ሌሊት 8 ሰዓት ከአስር ነው፤ ስልኬ አንዴ ጮኾ ቆመ። ላይኛው ቤት ናቸው። እኔም ለታችኛው ላድርግና ሮቶውን ልክፈት።